ከአምራቹ ነጻ የሆነ የኮምፒዩተር ጥገና ቤት በአሜሪካ

የመሣሪያ ባለቤትነት መሣሪያውን የወደዱት ሰው እንዲጠግነው ማዘዝን ይጨምራል። ይህ መብት በኮምፒዩተር ረገድ እንዴት እንደ ተገኘ የአሜሪካ የሕግ ታሪክ ያስረዳል (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)።

አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ አስቀድሞ የሒሳብ መኪናዎቹን ያከራይ ነበር እንጂ አይሸጥም ነበር። ስለዚህ መኪናው ሲበላሽ ተከራዩ የኩባንያውን ሠራተኛ ከመጥራት በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም። በጥር 1956 ግን ኩባንያው ከመንግሥት ጋራ ባደረገው ክርክር የተሰጠው የስምምነት ፍርድ፥ መኪናዎቹን እንዲሸጥ፥ መለዋወጫውንም ለባለቤቶችና ለውጭ ጠጋኞች እንዲያቀርብ አስገደደው። በነሐሴ 1981 ያወጣው አነስተኛ ኮምፒዩተር ደግሞ በአብዛኛው ከሌሎች ፋብሪካዎች በተገዙ ክፍሎች የተገጣጠመ፥ አሠራሩም በመጽሐፍ ታትሞ የተሸጠ ስለ ነበረ፥ ጥገናው ወደ ትንንሽ ሱቆች ወረደ።

ይሁን እንጂ ብረቱን መፍታት መፈቀዱ ፕሮግራሙንም መንካት ተፈቀደ ማለት አልነበረም። በ1993 ኤም.ኤ.አይ. የተባለው አምራች ፒክ የተባለውን የካሊፎርንያ ጥገና ድርጅት በከሰሰበት ነገር፥ የይግባኙ ፍርድ ቤት፥ ጠጋኙ ኮምፒዩተሩን ሲያበራ ፕሮግራሙ ወደ ጊዜያዊው ማስታወሻ መግባቱ ያለ ፈቃድ እንደ መቅዳት ይቈጠራል ሲል ፈረደ። ማብራት ብቻውን ጥፋት ሆነ ማለት ነው። የሕግ መምሪያው ምክር ቤት በ1998 ሕጉን አሻሽሎ፥ ባለቤቱ ወይም ተከራዩ ኮምፒዩተሩን ለጥገና እንዲያስበራ ፈቀደ።

ከዚህ የምንረዳው ጥገና ቤቱን ያቆመው የጠጋኙ ጥበብ ብቻ አለመሆኑን ነው። መለዋወጫ፥ መመሪያና ፕሮግራም ከአምራቹ እጅ ሲወጡ ሱቁ ይከፈታል፤ ሲያዙ ይዘጋል። የኒው ዮርክ ሕግ በ2022፥ የካሊፎርንያም በ2023 አምራቾች መለዋወጫና መመሪያ እንዲያቀርቡ የደነገጉት ያንኑ የ1956 ጥያቄ እንደ ገና በማንሣት ነው።