ሰርዶ በጆርጂያ

ሐሩር ከእርጥበት ጋር ተባብሮ ሰውን በሚያልብበት በአሜሪካ ደቡብ፣ ይልቁንም በጆርጂያ፣ ዛሬ በየቤቱ ደጅ የሚታየው ለምለም መስክ የጥንት ልማድ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል፤ የቀድሞው የገጠር ሰው ክብሩ ሣር በመንቀል እንጂ ሣር በማብቀል አልነበረምና። በባርነት ከተጋዙት አፍሪካውያን ጋር ከምዕራብ አፍሪካ እንደ መጣ በሚነገርለት ሥርዓት መሠረት፣ ጥቁሩም ሆነ ብዙው ነጭ ደጁን በጭራሮ መጥረጊያ እየጠረገ መሬቱን እንደ አውድማ ያጠነክረው ነበር፤ እባብ ቢመጣ እንዲታይ፣ እሳት ቢነሣም የሚይዘው እንዲያጣ። ልብስ የሚታጠበውም፣ ድስት የሚጣደውም በዚያው ነበር።

ሣሮች ሁሉ ሲጠሉ አብልጦ የተጠላው ግን እነርሱ የቤርሙዳ ሣር የሚሉት የእኛው ሰርዶ ነው። የጥጥ ገበሬ ማረሻውን ባሳለፈበት ቁጥር የተቆራረጠው ሰርዶ ከየአንጓው ሥር እየሰደደ ስለሚባዛ፣ ድካሙ ሁሉ ጠላቱን መዝራት ይሆንበት ነበር። (እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል ያለችው አህያ ወደ ጆርጂያ ብትሻገር፣ ምኞቷን የሚጋራ ብዙ ገበሬ ባገኘች ነበር።)

እ.ኤ.አ. በ1936 ዓ.ም. ግሌን በርተን የተባለው የዕፀዋት ሊቅ ቲፍተን በምትባለው ከተማ ሥራውን ጀመረ። ገበሬው የሚረግመውን ሣር እያዳቀለ በ1943 ኮስታል የተባለውን የከብት መኖ ካወጣ በኋላ ፊቱን ወደ መስክ ሣር መለሰ፤ በ1960 የወጣው ቲፍዌይም ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጆሃንስበርግ በመጣ ዘር መካከል በአጋጣሚ የተገኘ ድቅል ነበር። ይህ ድቅል መካን እንደ መሆኑ መጠን ፍሬ አይሰጥም፤ የሚተከለው በግንዱ ቁራጭ ብቻ ነው። ገበሬውን ያስለቀሰው የአንጓ ጠባይ ለአትክልተኛው ብቸኛ መራቢያ ሆነለት፤ ከዚህ የበለጠ የታሪክ ምፀት እምብዛም አላየሁም።

አያያዙም የሣሩን ጠባይ የተከተለ ነው። ጥላ ስለማይወድ ዛፍ ሥር ይሳሳል፤ በሙቀቱ ወራት ግን ቶሎ ቶሎና አጠር ተደርጎ ሲታጨድ ጎን ለጎን እየተሳበ ይጠቀጠቃል፤ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሢሶ በላይ የቆረጠበት ሰው ግን ቢጫ ግንድ ብቻ ይቀርለታል። ውኃ የሚጠጣው ሲነጋጋ ነው፤ ማታ ያጠጡት እንደ ሆነ ቅጠሉ ሌሊቱን ርሶ ያድርና፣ በዚያ ወበቅ ሻጋታ ይወርሰዋል።

ውርጭ ሲመታው ይጠወልጋል፣ ቀለሙም እንደ ገለባ ይሆናል። ስለዚህ በኦገስታ ዝነኛ የጎልፍ ክበብ መስክ በመጸው ራይ የሚባለውን የብርድ ሣር በላዩ ይዘሩበታል፤ ማስተርስ በሚባለው ውድድር ዓለም በቴሌቪዥን የሚያደንቀው ልምላሜም የዚህ እንግዳ ነው። ሰርዶው ሙሉ ውበቱን የሚያገኘው በሐሩሩ ወራት፣ ክበቡ በሩን ዘግቶ አባላቱ ሁሉ ከሄዱ በኋላ ነው።