የፎም ሰይፍ

የፎም ሰይፍ፣ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ተላብሰው በአካል በሚፋለሙበት ላርፕ በተሰኘ የትወና ጨዋታ የሚያገለግል፣ ተመቺውን እንዳይጎዳ በለስላሳ ፎም የተሸፈነ የሰይፍ አምሳያ ነው። ከጨዋታው ቀዳሚ ቡድኖች መካከል በ1977 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተመሠረተው ዳጎርሂር እና በ1982 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ፔክፎርተን ግንብ የተጀመረው ትሬዠር ትራፕ ይገኙበታል።

የሰይፉ መሐል ቀላልና በቀላሉ የማይሰበር የፋይበርግላስ ወይም የካርቦን ፋይበር ዘንግ ነው፤ በርካሽ ሥሪት የፒቪሲ ቧንቧ ይተካዋል። የዘንጉ ጫፍ ፎሙን በስቶ እንዳይወጣ በቆዳ ወይም በጎማ ይታፈናል፤ ፎሙም ከዘንጉ አልፎ ይዘልቃል። በዘንጉ ዙሪያ ውሃ የማይመጥ ፎም በማጣበቂያ ይደረባል፤ ተቆርጦም የስለት ቅርጽ ይይዛል። ላዩ በላቴክስ ይቀባል ወይም በጨርቅ ይለበጣል።

ከጨዋታ በፊት የዘንጉ መሰንጠቅ፣ የፎሙ መላላትና የሽፋኑ መቀደድ ይፈተሻል። ብዙ ደንቦች ጭንቅላትን መምታት ይከለክላሉ፤ ጫፉ ለመውጋት ታስቦ ባልተሠራ ሰይፍ መውጋትም አይፈቀድም። መሣሪያው ያለ ብረትና ያለ ከባድ ጥሩር እውነተኛ ንክኪ ያለበትን ፍልሚያ ለብዙኃን አስችሏል።