ስሙ ጫካ፣ ቦታው ጥግ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የኖርዝሆልትን ስም ጫፍ ግን ያወጣው የጆሮ ስሕተት ነው።

በምዕራብ ለንደን በሴንትራል የባቡር መስመር የተመላለሰ ሰው ጣቢያውን ያውቀዋል። እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ስሙ የሚያስቸግር አይመስልም፤ «ኖርዝ» ሰሜን፣ «ሆልት» በድሮው ቋንቋ ጫካ፤ እንግዲህ «የሰሜኑ ጫካ» ነዋ! ያምራል፤ ልክ ግን አይደለም። የእንግሊዙ ንጉሥ ድል አድራጊው ዊሊያም አገሩን ባስቆጠረበት የ1086 መዝገብ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቦታው «ኖርታላ» ተብሎ ተጽፏል። መነሻው «ሃልህ» የሚል የጥንት እንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ጥግ ወይም ገባ ያለ መሬት ማለት ነው። ምስክር ካስፈለገ ጎረቤቱ ሳውዝሆል አለ። እሱም ከዚያው ቃል የወጣ ነው፤ የደቡቡ ጥግ። አንደኛው እንደ ጥንቱ ሲቀር ሌላው መጨረሻው ላይ «ት» ተለጠፈበትና ጫካ ሆነ።

ኖርዝሆልት ውስጥ ከቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የድሮውን የባለርስት ግቢ የሚከበው ጉድባም እንደ ስሙ ያሳስታል። ግቢ የሚከብ የውሃ ጉድባ ላየ ሰው ቶሎ የሚታሰበው ጦርነት ነው። ነገር ግን እንግሊዝ አገር ውስጥ እንዲህ ያለ ግቢ ከ5 ሺህ በላይ ተቆጥሯል፤ አብዛኛውም የተቆፈረው ከ1250 እስከ 1350 ነው። ያን ሁሉ ምሽግ የሚያስቆፍር ጠላት ከየት ይመጣል? ጉድባው ውሃ የማያሰርገውን የለንደን ጭቃ ያጠነፍፋል፣ ዓሣ ይረባበታል፣ ሌባም ይከለክላል። እንደኔ እንደኔ ግን ዋናው ነገር ክብር ነው። ቤተ መንግሥትን «ግቢ» ብሎ ለሚጠራ ሰው ይህ ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም።

በ1950 እዚህ መቆፈር የጀመረው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ጆን ኸርስት ገና የሃያዎቹን ዕድሜ የጀመረ ወጣት ነበር። ያን ጊዜ የመካከለኛው ዘመን ተራ ሸክላ ብዙ የሚቆረቆርለት አልነበረም። ኸርስት ግን ገሉን እየለቀመ፣ የትኛው ከየትኛው የአፈር ንጣፍ እንደወጣ እየለየ ዘመን ቆጠረበት። በ1961 ያሳተመው ጥናትም ስለ ጌታው አዳራሽ ሳይሆን ስለ ማድ ቤቱ አካባቢ ነው። ከግቢው ሥር ደግሞ የሳክሶኖች ሰፈር ቅሪት ወጣ። ሰው እዚህ የኖረው ጉድባው ከመቆፈሩ ብዙ ቀደም ብሎ ነው ማለት ነው።

ግቢው ካለበት ርስት ጌቶች አንዱ ሀብታሙ ነጋዴና የለንደን ከንቲባ ኒኮላስ ብሬምበር ነበር። በ1388 በአገር ክህደት ተፈርዶበት ተሰቀለ። ርስቱ ኋላ ለዌስትሚንስተር ገዳም ተሰጠ።

ጉድባው ዛሬ የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ነው። በዚያ በኩል የሚያልፍ ካለ ከባቡሩ ወርዶ ይየው፤ መግቢያ አይከፈልበትም።