የጥበቃ መርከብ የማን ዘብ ናት?

(ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የባሕር ዳርቻ ጥበቃ መርከብ ሲባል አብዛኛዎቻችን የሚታየን ማዕበል፣ የሚሰጥም ጀልባና ገመድ የሚወረውር መርከበኛ ነው። ሥዕሉ ውሸት አይደለም፤ ግን ጎደሎ ነው። መርከቢቱ ገመድ ብቻ ሳይሆን መድፍም ተሸክማለች። ገመዱ ለማን እንደሚወረወር፣ መድፉ በማን ላይ እንደሚዞር የሚወስነው ደግሞ ባሕሩ አይደለም፤ የላካት መንግሥት ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ በአላስካ ውኃ ላይ የሠሩ ሁለት መርከቦችና የአንድ አዛዥ ታሪክ ይህንን አጥርቶ ያሳየናል።

አዛዡ ማይክል ሂሊ ይባላል። በ1839 በአሜሪካ ጆርጂያ ተወለደ። አባቱ ከአየርላንድ የመጣ ባለ እርሻ፣ እናቱ ደግሞ ጥቁር ባሪያ ነበረች። በዘመኑ ሕግ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላልና፣ የጌታው ልጅ ሆኖ ሳለ ማይክል በሕግ ፊት ባሪያ ነበር። ባሪያን ማስተማር በጆርጂያ ክልክል ስለነበረ አባትየው ልጆቹን ወደ ሰሜን ሰደዳቸው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እንደሚባለው፣ ከወንድሞቹ ጄምስ የካቶሊክ ጳጳስ፣ ፓትሪክ ደግሞ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ማይክል ከትምህርት ቤት ኮብልሎ ባሕር ገባ። በ1865 የመኮንንነት ሹመቱን የፈረመለት አብርሃም ሊንከን ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን በሙሉ የኖረው እንደ ነጭ ተቆጥሮ ነው። የትውልዱ ነገር በሰፊው የታወቀው ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

የገባበት መሥሪያ ቤት በገንዘብ ሚኒስቴር ሥር የነበረው የቀረጥ ጥበቃ መርከቦች አገልግሎት ነው። ይኸው አገልግሎት በ1915 ከነፍስ አድን ድርጅት ጋር ተዋሕዶ የዛሬውን የአሜሪካ ባሕር ዳርቻ ጥበቃ ፈጠረ። አሜሪካ አላስካን በ1867 ከሩስያ በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ስትገዛ፣ የአገሩን ነባር ሕዝብ «ትሸጣለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም። በዚያ ሰፊ ዳርቻ ላይ መንግሥት ማለት በዓመት አንዴ በረዶው ሲከፈት ብቅ የምትል መርከብ ነበረች። ሥራዋ ተቆጥሮ አያልቅም። የኮንትሮባንድ አረቄ ትይዛለች፤ ለቆዳቸው የሚታደኑትን የባሕር እንስሳት ከሌባ አዳኝ ትጠብቃለች፤ ፖስታ ታደርሳለች፤ ሐኪሟ በሽተኛ ያያል፤ ወንጀለኛ ታስራለች፤ በረዶ የሰበረውን የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ሰዎች ታወጣለች። ባጭሩ ፖሊስም ዳኛም ሐኪም ቤትም እሷው ነች። ይህን ሁሉ ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ማኖር ምን እንደሚያስከትል መገመት አያቅትም።

አሁን ወደ 1882 እንምጣ። አንጉን በምትባለው የትሊንጊት ሕዝብ መንደር አጠገብ ዓሣ ነባሪ ያድን በነበረ የአንድ ነጋዴ ኩባንያ ጀልባ ላይ የሚወነጨፈው ፈንጂ ጦር ፈነዳና አንድ የተከበረ የመንደሩ ሰው ሞተ። በትሊንጊት ልማድ ለሞተ ሰው ካሳ ይከፈላል፤ ሁለት መቶ ብርድ ልብስ ጠየቁ። ለጉማ ለእኛ ማብራሪያ አያስፈልገንም። የባሕር ኃይሉ አዛዥ ግን ጥያቄውን እንደ አመጽ ቆጥሮ፣ ይባስ ብሎ «አራት መቶ ብርድ ልብስ እናንተው ትከፍላላችሁ» አለ። ሙሉውን ሊከፍሉ ባለመቻላቸው ጥቅምት 26 ቀን መንደሩ በመድፍ ተደበደበ፣ ተቃጠለ። ታንኳቸው ተሰባበረ፤ ለክረምት ያከማቹት ቀለብ ነደደ። ስድስት ሕፃናት በጭስ ታፍነው ሞቱ። መድፉን ያመጣችው የጥበቃ መርከብ ኮርዊን ትባላለች። የኮርዊን አዛዥ ማን ነበር? የባሪያይቱ ልጅ፣ ማይክል ሂሊ።

እዚህ ላይ ቸኩሎ መፍረድ ቀላል ነው። ግን ታሪኩ በዚሁ አላለቀም። ከ1886 ጀምሮ ሂሊ «ድብ» የምትባል፣ በስኮትላንድ በ1874 የተሠራች፣ በእንፋሎትም በሸራም የምትሄድ የእንጨት መርከብ አዛዥ ሆነ። በየዓመቱ ወደ ሰሜን ሲወጣ ያየው ነገር ረሃብ ነው። የንግድ መርከቦች ዓሣ ነባሪውንና ሌላውን የባሕር አውሬ ለዘይትና ለጥርሱ ሲሉ ጨርሰውታል፤ ነባሩ ሕዝብ ደግሞ የሚበላው እሱኑ ነበር። ከባሕሩ ማዶ በሳይቤሪያ ግን ሬንዲር የሚባለውን የበረዶ አገር አጋዘን የሚያረቡ ሰዎች ነበሩ። ሂሊና ሼልደን ጃክሰን የሚባል ሚሲዮናዊ «ለምን አናሻግረውም?» አሉ። ምክር ቤቱ መጀመሪያ ገንዘብ ስለነፈጋቸው ከበጎ አድራጊ ለቃቅመው በ1891 አሥራ ስድስት፣ በ1892 ደግሞ 171 እንስሳት በ«ድብ» ጭነው አሻገሩ። የሬንዲር እርባታ በአላስካ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ፍሬው የታየው በ1897 ነው። ስምንት የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከቦች በፖይንት ባሮው አካባቢ በበረዶ ተቀርቅረው 265 ያህል ሰው ቀለብ ሊያልቅበት ሆነ። «ድብ» በሌላ አዛዥ ሥር ብትላክም ክረምቱ አላሳልፍ አላት። ስለዚህ ጃርቪስና በርቶልፍ የተባሉ መኮንኖች ኮል ከሚባል ሐኪም ጋር በታኅሣሥ ወር ከመርከብ ወርደው፣ ሬንዲር እየነዱ፣ በውሻ በሚሳብ ጋሪ ወደ 2,400 ኪሎ ሜትር የሚሆን በረዶ አቋርጠው መጋቢት 29 ቀን 1898 ከቦታው ደረሱ። 382 እንስሳት ገቡ። ኋላ ምክር ቤቱ ለሦስቱም የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠ።

ግን ልብ በሉ። ከመቶ በላይ የሚሆነውን መንጋ ያበደረው ቻርሊ አርቲሳርሉክ የሚባል የአገሩ ተወላጅ ነው። ለወገኖቹ ጉሮሮ የያዘውን ሀብት ለማያውቃቸው ሰዎች አስረክቦ፣ አብሮም ነድቶ ሄደ። እርዳታው እስኪደርስ ድረስም ቢሆን የተቀረቀሩት መርከበኞች ክረምቱን እንዲያልፉ ትልቅ ድርሻ ያለው የአገሬው አዳኞች ያመጡት ሥጋ ነው። እንግዲህ አዳኝና ተዳኝ የሚለው ነገር እንደ ሜዳሊያው ቀላል አይደለም። መንደር ያቃጠለችው መርከብ መሥሪያ ቤት፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ ሰዎቿን ያዳነችው በሌላ ነባር ሕዝብ ቸርነት ነው።

የሂሊ መጨረሻም አላማረም። በመጠጥና በጭካኔ ተከስሶ በ1896 ከአዛዥነት ተነሣ፤ በኋላ መልሰውት በ1904 ሞተ። ዛሬ አንዲት ትልቅ የአሜሪካ በረዶ ሰባሪ መርከብ በስሙ ትጠራለች። አንጉኖችስ? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ነገሩን በየቤታቸው ለልጅ ልጅ ሲያወርሱ ኖሩ። በ1973 ለጠፋው ንብረት ብቻ 90,000 ዶላር ተከፈላቸው። የባሕር ኃይሉ እመንደሩ ድረስ ሄዶ ይቅርታ የጠየቀው ጥቅምት 26 ቀን 2024፣ ልክ በ142 ዓመቱ ነው።

ታዲያ ሂሊ ጀግና ነው ወይስ ወንጀለኛ? ጥያቄው እንዲህ ከተጠየቀ መልሱ ጠማማ ይሆናል። ሰውየው በትእዛዝ መድፍ አቅርቧል፤ በገዛ አሳቡ ደግሞ ረሃብ ለመመለስ ተሯሩጧል። ሁለቱንም ያደረገው ያው እጅ ነው። ከጭቁን ማሕፀን መወለድ ብቻውን ከጭቁን ጎን አያቆምም። ሰው የሚለብሰው የደንብ ልብስ ከቆዳው በላይ ሊጫነው ይችላል። ስለዚህ ወደፊት ስለ ማንኛዋም የጥበቃ መርከብ ስናነብ ስንት ነፍስ እንዳዳነች ብቻ አንጠይቅ፤ ከዳርቻው ቆመው ሲያዩዋት የነበሩት ሰዎች ስትመጣ ወደ ውኃው ይሮጡ እንደሆነ ወይስ ወደ ጫካው፣ እሱንም እንጠይቅ።