ዕድሜ

በኤሌክትሪክ ኃይል ሥራ የአንድ ዕቃ «ዕድሜ» ከተተከለበት ቀን ብቻ አይቆጠርም። ትራንስፎርመርን እንውሰድ። የመዳብ ጥቅልሉ በወረቀት ተሸፍኖ ዘይት ውስጥ የተነከረ ነው። ዘይቱ ቢቆሽሽ ይጣራል፣ ይቀየራል፤ ወረቀቱን ግን ማሽኑን ሳይፈቱ መቀየር አይቻልም። ስለዚህ የትራንስፎርመር ዕድሜ በመሠረቱ የወረቀቱ ዕድሜ ነው። ሙቀትና እርጥበት ይበሉታል፤ በተለመደው ስሌት ሙቀቱ ከተገቢው በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ወረቀቱ በእጥፍ ፍጥነት ያረጃል። ከትራንስፎርመሩ ጎን በተንጠለጠለው ብርጭቆ ውስጥ ያለው እርጥበት መጣጭ ሰማያዊ ጠጠር ሮዝ ከሆነ እርጥበት ጠግቧል ማለት ነው። ጠጠሩን መለወጥ ርካሽ ሥራ ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝም እንዲህ ያለው ቀላል ሥራ ሲዘነጋ ነው።

ግድብ ላይ ቃሉ ይሰፋል። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ማመንጫ ተርባይኖቹ ሊታደሱ ይችላሉ፤ የአዋሽ ወንዝ ተሸክሞ የሚያመጣው ደለል ግን የግድቡን ሐይቅ ሆድ እየሞላው ነው። ስለዚህ የቆቃን ዕድሜ የላይኛው አዋሽ የእርሻ መሬት አያያዝም ይወስነዋል። «የንብረት አስተዳደር» ሲባል መዝገብ መያዝ ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ ተዳፋቱ ላይ እርከን መሥራትም ከግድቡ ጥገና ሊቆጠር ይገባል።