ከንግድ ውድድር ሕግ ነፃ መሆን፦ ሊጎች የሚፈልጉት ልዩ መብት

አዊ ውስጥ፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ላይ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል የሚገዙ ነጋዴዎች አንድ ቀን ተሰብስበው «ከነገ ጀምሮ ለአንድ ማዳበሪያ ከዚህ ዋጋ በላይ የሚከፍል እንዳይኖር» ቢባባሉ፣ ገበሬው ወደ እንጅባራም ወሰደው ወደ ዳንግላ የሚጠብቀው ያው ዋጋ ነው። ይህ በሕግ ክልክል ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተፎካካሪዎች ተመካክረው ዋጋ እንዳይወስኑ፣ ደንበኛና የገበያ ክልል እንዳይከፋፈሉ ይከለክላል።

በነሐሴ 2011 ግን የእግር ኳስ ክለቦቻችን ከፌዴሬሽኑ ጋር ሆነው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። ያን ሰሞን ክርክሩ ገንዘቡ በዛ አነሰ፣ ክለቦች በጓሮ በር ይጨምራሉ አይጨምሩም የሚል ነበር። የከሰል ነጋዴ ቢያደርገው የሚያስከስስ ስምምነት ለክለቦች ሲሆን ለምን እንደ ተራ የስፖርት ዜና ያልፋል?

አንድ ዘርፍ ከእንዲህ ያለው ክልከላ ነፃ ሲደረግ አሜሪካኖች «አንቲትረስት ኤግዘምሽን» ይሉታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የነዳጅና የስኳር ኩባንያዎች «ትረስት» በሚባል የጋራ አደረጃጀት ሥር እየገቡ ገበያውን ሲቆጣጠሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1890 ሸርማን የተባለው ሕግ ወጣባቸው፤ «አንቲትረስት» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። «ፀረ ትረስት» ብንለው ለአማርኛ አንባቢ ምንም አይነግረውም። የእኛ አዋጅ «የንግድ ውድድር» ስለሚል፣ «ከቀረጥ ነፃ» እንደምንለው «ከንግድ ውድድር ሕግ ነፃ መሆን» ብንለው ይሻላል። «ንግድ» የሚለውን መጣል ግን አይቻልም፤ ስለ ስፖርት እያወራን «ከውድድር ነፃ» ካልን ቡድኑ ጨዋታ የቀረበት ይመስላል።

የነፃነቱ መነሻ ቤዝቦል ነው። ፌዴራል ሊግ የሚባለው ተቀናቃኝ ሊግ ሲፈርስ፣ የባልቲሞር ከተማ ክለብ ትልልቆቹ ሊጎች ተባብረው አጠፉን ብሎ ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1922 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆልምስ በጻፉት ውሳኔ ክሱ ወደቀ። የውሳኔው መሠረት ቤዝቦል ትዕይንት ማሳየት ነው፣ በክልሎች መካከል የሚካሄድ ንግድ አይደለም የሚል ነበር።

ነገሩን ወደ አዊ ብናመጣው፣ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ለጊዮርጊስ የሚያሳዩትን ግልቢያ ማንም ሰው ንግድ ነው አይልም። ለሜዳው ትኬት ቢቆረጥ፣ የቴሌቪዥን መብቱ በዶላር ቢሸጥ፣ ፈረሰኞቹ በውል ቢቀጠሩ ግን ያው መልስ ይሠራል? ቤዝቦል ላይ የሆነው ይኸው ነው። ንግዱ ደረጀ፣ ፍርዱ ባለበት ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1969 ከርት ፍለድ የሚባል ተጫዋች ሳይጠየቅ ከሴንት ሉዊስ ወደ ፊላደልፊያ ሲዛወር እንደ ዕቃ አልሸጥም ብሎ ተሟገተ፤ በ1972 ተረታ። ዳኞቹ ራሳቸው የቤዝቦል ነፃነት ከሌሎች ስፖርቶች የተለየ እንግዳ ነገር መሆኑን አምነው፣ ማስተካከሉ የሕግ አውጪው ምክር ቤት ሥራ ነው አሉ። ምክር ቤቱ ተጫዋቾችን የሚመለከተውን ክፍል የዘጋው በ1998 ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ግን ያንኑ ነፃነት ቢጠይቅ ገና በ1957 ተከልክሏል።

ለሊጎች ፍትሐዊ ለመሆን፣ ከከሰል ነጋዴ የሚለዩበት ነገር አለ። ነጋዴ ተፎካካሪው ቢከስር ይጠቀማል። ክለብ ግን ተጋጣሚ ከሌለው ጨዋታ የለውም፤ ስለዚህ መርሐ ግብሩን፣ ደንቡን፣ የዝውውር ጊዜውን ተስማምቶ ማውጣት የግድ ነው። ጭቅጭቁ ከዚህ አልፎ ደመወዝና የቴሌቪዥን መብት ላይ ሲደረስ ነው።

ለእኛ የሚቀርበው የቴሌቪዥኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 አንድ ፍርድ ቤት የአሜሪካ ፉትቦል ክለቦች መብታቸውን በአንድ ላይ ለሲቢኤስ ቴሌቪዥን የሸጡበትን ውል አገደ። ሊጉ ወደ ምክር ቤት ሮጠ፤ በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የፈረሙት ሕግ በጋራ መሸጥን ፈቀደ። ነገር ግን የፈቀደው ተመልካች ሳይከፍል በማስታወቂያ ገቢ ለሚያየው ስርጭት ነው። በደንበኝነት ክፍያ ለሚታይ ጣቢያ ሲሸጥ ነፃነቱ አይሸፍነውም በሚል ሊጉ ዛሬም ፍርድ ቤት ይመላለሳል። እ.ኤ.አ. በ2024 የዳኝነት ሸንጎ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ፈርዶበት ነበር፤ ዳኛው ውሳኔውን ሻሩለት።

አሁን ወደ ቤታችን። በእኛ አቆጣጠር በ2012 የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች ራሳቸው ባለአክሲዮን የሆኑበት የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማህበር ተቋቋመ፤ ውድድሩን ማስተዳደርም ከፌዴሬሽኑ ወደ እሱ ተላለፈ። በ2013 ማህበሩ የሁሉንም ክለቦች የስርጭት መብት ጠቅልሎ ለመልቲቾይስ፣ ማለትም ለዲኤስቲቪ፣ በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ለአምስት ዓመት ሸጠ። ለካሜራው ሥራ ሲባል ጨዋታዎቹ በተራ በተመረጡ ከተሞች ተካሄዱ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። የዚያ ዓመት ዋንጫ የፋሲል ከነማ ነበር፣ የመጀመሪያው። ሊጉን በዚያ ጥራትና በዚያ ብዛት አይተነው አናውቅም ነበር። እንጅባራ ላይ ያለ ደጋፊ ግን ፋሲልን ወይም ባሕር ዳር ከነማን ለማየት የዲኤስቲቪ ዲሽ ያለበት ቤት መፈለግ ነበረበት። የአሜሪካው ሕግ በጋራ መሸጥን የፈቀደው ደጃፉ ላይ ቆሞ ከፍሎ ለሚገባ ተመልካች አልነበረም።

ይህን ስል ሽያጩ ሕገወጥ ነበር ማለቴ አይደለም። አዋጁ ዋጋ ከመወሰንና ገበያ ከመከፋፈል ውጭ ላሉ ስምምነቶች፣ ጥቅማቸው ከጉዳታቸው እንደሚበልጥ ማስረዳት ለሚችል ሰው በር ይከፍታል፤ የጋራ ሽያጭ ደግሞ ለትንንሾቹ ክለቦች ለብቻቸው የማያገኙትን ገንዘብ ያመጣል። «ስፖርት ነው፣ ንግድ አይደለም» የሚለው መልስ ግን ሊጉ አክሲዮን ማህበር ከሆነ ወዲህ ብዙ አያስኬድም። አክሲዮን ማህበር ነጋዴ ነው። አብዛኞቹ ክለቦች ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ድርጅት በጀት የሚኖሩ መሆናቸው የክለቦቹን ጉዳይ ያወሳስበው ይሆናል፤ የሸጠው ማህበሩ ነውና የሽያጩን ጉዳይ አያወሳስበውም።

አዋጁ ለስፖርት በስም የሰጠው ነፃነት የለም። ለኢኮኖሚ ልማት ወሳኝ ናቸው የሚላቸውን የንግድ ሥራዎች ከክልከላው ነፃ ማድረግ የሚችለው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፣ በደንብ። ሊጉ ማመልከቻ ይዞ ቢሄድ ሁለት ነገር እንደሚጠየቅ እገምታለሁ፦ የደመወዝ ጣሪያው ሲወሰን ተጫዋቾች በወኪላቸው በኩል ተጠይቀዋል ወይ፣ ከሳምንቱ ጨዋታዎችስ ስንቱ ሳይከፈልበት ይታያል።