ቀረፋና ቀራፊው

ቀረፋ፣ ቅርፊት፣ መቅረፍ፦ ሦስቱ ቃላት በድምፅም በፍችም ይቀራረባሉ። በዐረብኛም «ቂርፋ» ማለት ቅርፊት ማለት ነው። ስሙ ራሱ ሥራውን ያስታውሳል። ዳሩ ግን የቀረፋ ንግድ ለብዙ ምእት ዓመታት ሥራውንና ሠራተኛውን ሲሸሽግ ኖሯል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ምእት ዓመት የግሪኩ ሄሮዶቱስ፣ ታላላቅ አእዋፍ የቀረፋን እንጨት ለጎጆአቸው መሥሪያ እንደሚያግዙ፣ ዐረቦችም አእዋፉ በሚያነሡት ሥጋ ክብደት ጎጆው ሲፈርስ እንጨቱን እንደሚሰበስቡ ጽፏል። በ1ኛው ምእት ዓመት የኖረው ሮማዊው ፕሊኒ ግን ይህን መሰሉ ተረት ዋጋ ለማናር የተፈጠረ መሆኑን ገልጧል። ሸቀጡ በሶማሌ ጠረፍ ወደቦች በኩል ያልፍ ስለነበረም የጥንት ጸሐፊዎች የአፍሪቃን ቀንድ የቀረፋ አብቃይ ምድር አድርገው ቆጠሩት፤ ዛፉ ግን የእስያ ነው።

ምርጡ ቀረፋ የሚገኝባት ሲሎን፣ የዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ በ16ኛው ምእት ዓመት የፖርቱጋሎች ዓይን አረፈባት። እ.ኤ.አ. በ1656 ሆላንዳውያን ኮሎምቦን ከፖርቱጋሎች ነጠቁ፤ በ1796 ደግሞ እንግሊዞች ተተኩ። በሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ዘመን ቀረፋን በስውር የሸጠ በሞት ይቀጣ ነበር። ሳላጋማ የተባለው የማኅበረሰብ ክፍል አባላትም ቅርፊቱን እየቀረፉ የተመደበባቸውን መጠን እንዲያስረክቡ ይገደዱ ነበር። ይህ የብቸኛ ንግድ ሥርዓት ያከተመው በእንግሊዞች ዘመን፣ በ1833 ነው።

በዓመቱ፣ በ1834፣ ፈረንሳውያኑ ኬሚስቶች ዱማና ፔሊጎ ለቀረፋ ዘይት መዓዛውን የሚሰጠውን ሲናማልዴሃይድ የተባለ ውሁድ ለይተው አወጡ። በ1854 ጣሊያናዊው ኪዮትሳ ይህንኑ ውሁድ በቤተ ሙከራ ሠራው። ከቅጠሉ ዘይት የሚገኘው ዩጂኖልም ለጥርስ ሕክምናና ለሽቶ ሥራ ዋለ። ኬሚስትሪ በቀረፋና በዘመዱ በካሲያ መካከል ያለውንም ልዩነት አስረድቷል፤ በርካሽ የሚሸጠው ካሲያ ኩማሪን የተባለ ንጥረ ነገር በብዛት ስላለው፣ ከልክ በላይ ሲወሰድ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል።

እንዲህም ሆኖ የስሪ ላንካ ቀራፊ ዛሬም የላይኛውን ልባስ ፍቆ፣ ቅርንጫፉን በናስ ዘንግ አሽቶ፣ ስሱን የውስጥ ቅርፊት በቢላ ያላቅቃል፤ አንዱን በሌላው ውስጥ እየከተተም በጥላ ያደርቀዋል። መዓዛውን በቤተ ሙከራ መሥራት ከተቻለ ከምእት ዓመት ተኩል በላይ ቢያልፍም፣ ጥቅልሉ እስከ ዛሬ የእጅ ሥራ ነው። የቀረፋ ታሪክ ሲጻፍም፣ ከመርከበኛውና ከኬሚስቱ ጎን ቀራፊው ተገቢ ቦታውን ሊያገኝ ይገባል።